ምንም አልጎደለንም

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱን እንዴት ተወጣሽው? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይጮሃል ወይስ ተሻለው? ዓይንሽን ታየሽ? መነጽርሽን ካልቀየርሽም ይህን ደብዳቤ በሰው እንዳታስነብቢው አደራ። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቂና ደጃፍሽ ላይ ተቀምጠሽ ራስሽ አንብቢው። ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆችሽስ አደጉ? አክስታችንስ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንደ ድሮዋ ትሳደባለች? መሳደቧን ካልተወች ደህና ናት ማለት ነው።

እንደ ደንቡ እዚህ ላይ «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጽፍልሽ፤ እጄ ለምዶት ሳላስበው ይጽፈዋል። ዛሬ ግን እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ተነሣሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጤናዬ ደህና ነው፣ በእሱ አልዋሽሽም። እጄ በሳሙና ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። የቀረውን ግን እንደሆነው አድርጌ ልንገርሽ።

ባለፈው በላክሽው ደብዳቤ ትልቋ የወንድማችን ልጅ ነርስ ትምህርት ቤት በመግባቷ የተሰማሽን ደስታ ጽፈሽልን ነበር። እነሱ ቤት፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወራሽ፣ ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽ እንኳ ሳትቀር መጥታ «እንኳን ደስ ያለሽ» እንዳለችሽ፣ ልጅቷ ነጭ ጋውን ለብሳ ፎቶ ተነሥታ እንድንልክልሽ፣ ግድግዳሽ ላይ ቦታ እንዳዘጋጀሽለት። ሳነብ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ወንድማችን በስልክ «ጀምራለች» ብሎ የነገረሽ ቀን እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። እትዬ፣ ልጅቷ አልጀመረችም። እንደማየው ከሆነ ከርሞም አትጀምርም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ወንድማችን የወለል ንጣፍ ሥራውን ከተወ ቆይቷል። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ወለል ላይ ሲንበረከክ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ አለው። አሁን አትክልት መጋዘን ውስጥ የበሰበሰውን ቲማቲም ከደህናው ይለያል፤ እሱንም ሲጠሩት ነው። አንቺ «ምራቴ» የምትያት ሚስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የቢሮ ወለል ትወለውላለች። የሚኖሩት ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ቀን ቀን ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ይደገፋል፤ ማታ ሲዘረጋ በሩ አይከፈትም። አንዱ ሌሊት ሽንቱ ከመጣ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። በዚህም እንስቃለን፤ ካልሳቅን ምን እናደርጋለን?

ጠረጴዛ የላቸውም። እኔ በምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት የተጣለ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነበር፤ አንድ እግሩ አልቆለፍ ብሎ ነው የጣሉት። ተሸክሜ ወሰድኩላቸው፣ እግሩን በገመድ አሰርነው፣ ትልቋም ትምህርቷን የጨረሰችው በዚያ ላይ ነው። ከፍ ስለሚል ቆማ ነው የምታጠናው። ታናሿ ደግሞ፣ ወፌ የምንላት፣ ከሥሩ ገብታ ቤቴ ነው እያለች ትጫወታለች። ትልቋን እኔ ሐኪሜ ነው የምላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የወደቀ ልጅ አይታ አታልፍም፤ የአባቷን ጉልበት ማታ ማታ በሞቀ ፎጣ የምትይዝለትም እሷ ናት። ቆማ ተምራ ከክፍሏ ሁሉ በለጠች። ነርስ ትምህርት ቤቱም ደስ ብሎት ተቀበላት። ክፍያውን የነገሩን ጊዜ ምራትሽ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ሳቀች። ከዚያ መወልወያዋን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች የሚረዳ ማህበር አለ ብለው ለልጅቷ ነገሯት። ራሷ ሄዳ አመለከተች። ማህበሩም ኑሯችሁን የምታይ ሴት እንልካለን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠብቋት ብሎ መለሰ። እትዬ፣ ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በሁላችንም ጆሮ ውስጥ የገባው እንግዳ ልትመጣ ነው የሚለው ብቻ ሆነ። ልታይ የምትመጣውን ነገር ማንም አላሰበውም።

ጋሽ መላን በደብዳቤዬ ታውቂያቸዋለሽ፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ለሁሉ ነገር መላ የማያጡት። እሳቸው ጉባኤውን መሩት። ሰው የሚሰጠው ለሚያምር እጅ ነው አሉ። የወደቀ ቤት ካየች ገንዘቡን ይበሉታል ብላ ትሄዳለች፣ ላለው ይጨመርለታል የተባለው ለከንቱ አይደለም አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ፤ ምናልባትም ከሁሉ አብልጬ የነቀነቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በሰፈሩ ያለው የአገራችን ሰው ሁሉ ተነሣ። ሰው አልረዳንም ብዬ እንዳላማ፤ ያን ሳምንት የተረዳነውን ያህል በዕድሜያችን ተረድተን አናውቅም። ጋሽ መላ ደንበኞቻቸው የሚቀመጡበትን የቆዳ ሶፋ አስጭነው ላኩ፤ የእሳቸው ሰዎች ቆመው ተራ ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ ከሙሽራ ቀሚስ በተረፈ ጨርቅ መጋረጃ ሰፍታ ራሷ ሰቀለችው። የታክሲ ሹፌሩ ምንጣፉንና ቴሌቪዥኑን ከነመቆሚያው አመጣ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ረስቶት መጣና ቴሌቪዥኑን በጨርቅ አስጊጠን አስቀመጥነው። እኔ ጠረጴዛ ልብስ ተኩሼ ወሰድኩ፤ ጠረጴዛው ራሱ ከጎማ ጠጋኙ የተዋስነው ነው፣ ቅባቱን በጋዝ ስናስለቅቅ ዋልን። ምራትሽ የሳምንቱን ወጪ በሙሉ ሥጋ ገዛችበት። የልጅቷን መተኮሻ ጠረጴዛ ደግሞ፣ ገመድ የታሰረ እግሩ ቤቱን አዋረደብን ብዬ፣ በገዛ እጄ አጣጥፌ ታች ሱቅ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ ደበቅኩት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ያለው ማን ነበር? እኛን አይቶ ነው።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በቀስታ፣ አክስቴ፣ ሴትዮዋ እኮ የምትመጣው ችግራችንን ልታይ ነው አለችኝ። እኔም፣ ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ፣ ገመናን ለባዕድ አይከፍቱም፣ ይልቅ ሂጂና ፀጉርሽን ተሠሪ አልኳት። ሄዳ ተሠራች። ከዚያ ሁሉ አዋቂ መሀል የገባት እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ዝም አሰኘናት።

ሴትዮዋ በሰዓቷ መጣች። ዝርግ ጫማ ያደረገች፣ ፊቷ የማያስፈራ፣ ጃንጥላዋን የት ላድርገው ብላ የተጨነቀች ሰው ናት። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። በጋሽ መላ ሶፋ ላይ አስቀመጥናት። ቋንቋውን ከልጅቷ በቀር እንደ ሰው የሚናገር ስለሌለ፣ አስተርጓሚዋ እሷው ሆነች። ለራሷ ጉዳይ፣ በአባቷና በሴትዮዋ መሀል ቆማ።

መጀመሪያ ስለ ሥራ ጠየቀች። ወንድማችን ንጣፍ ባለሙያ ነኝ አለ። ነበርኩ አላለም፤ ነኝ አለ። ቀጥላ ኑሮ ምኑ ላይ እንደሚከብዳቸው፣ ምን እንደጎደላቸው ጠየቀችው። እትዬ፣ የወንድማችንን የልጅነት ቅጽል ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። ሰው ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብ፣ አንቺ ከሥር ጭናችንን ትቆነጥጪናለሽ፣ እኛም በአንድ አፍ «በልተናል» እንላለን። እሱ ግን ገና ሳትቆነጥጪው ነበር የሚለው። ለዚያ ነው «በልቻለሁ» እያልሽ ስትጠሪው ያደግነው። ያን ቀንም ማንም አልቆነጠጠውም። ቀና አለ፣ የታመመውን ጉልበቱን በእጁ ሸፈነና «ምንም አልጎደለንም፣ ተመስገን ነው» አለ።

ልጅቷ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ለሴትዮዋ ያለውን ቃል በቃል ነገረቻት። ቋንቋው ባይገባኝም «ምንም» የምትለውን ቃላቸውን አውቃታለሁ፤ አለቃችን በየቀኑ ይላታል።

ኋላ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ ደግሞ የት ሆነሽ ነው የምታጠኚው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወደዚያ ጥግ አየች፤ መተኮሻ ጠረጴዛው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቴሌቪዥኑ ጨርቁን ለብሶ ተገትሯል። እዚሁ ቤት ብላ መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተችና ለወፌ ብስኩት አወጣችላት። ወፌ ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው ነገር የለም፤ ሥጋው ለእንግዳ ነው ተብላ ነበር። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ «ጠግቤያለሁ» አለች። እኔም ጨዋ ልጅ ብዬ ራሷን ዳሰስኳት። ያን እጄን አሁን ባየሁት ቁጥር አፍርበታለሁ።

ሴትዮዋ ከሥጋው ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሰች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ወንድማችን ሳያነክስ እስከ ታች ሸኛት፤ ተመልሶ ሲወጣ ግን ግድግዳውን ይዞ ነው። እኛ እቃ ያዋሰውን ሁሉ ጠርተን የተረፈውን ሥጋ በላን። ጋሽ መላ መረቁ። ሹፌሩ ልጅቷን እንደ ነርስ ቆጥሮ ገና ከአሁኑ ወገቤን ያመኛል እያለ ያስቃት ጀመር። እትዬ፣ ደስ ብሎን ነበር እኮ! ቤቱ እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ልጅቷም አብራን ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን ወዲያው ነበር የሚያልቀው።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን አይተናል፣ ቤተሰቡም መልካም ነው፣ ነገር ግን ዘንድሮ ከእናንተ ለባሰባቸው ቅድሚያ ሰጥተናል የሚል ነው። አንብባ ተረጎመችልን። ወንድማችን እነሱም እውነታቸውን ነው፣ ከኛ የባሰ ሞልቷል አለና ተነሥቶ መስኮት ከፈተ።

እኔ አልተቀመጥኩም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ማህበሩ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷን ይዤ እንዳልሄድ ደግሜ ላዋርዳት አልፈለግኩም፤ ስለዚህ ሹፌሩን ይዤው ሄድኩ። የሹፌሩ ቋንቋ ደግሞ የመንገድ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ምን ልርዳችሁ ስትለን፣ መንገድ ስተሻል፣ ወደ ኋላ ተመለሽ፣ በቀኝ በኩል እንደገና ግቢ አላት። ሶፋው የእኛ አይደለም ለማለት ምን ያህል እንደለፋን ብታይ ትስቂ ነበር፤ እኔም ዛሬ ስጽፈው ትንሽ ያስቀኛል። የሆነ ነገር ገባት መሰለኝ ፊቷ ተለወጠ። ነገር ግን፣ ሹፌሩ እየተደናቀፈም ቢሆን እንደተረጎመልኝ፣ ገንዘቡ ተሰጥቷል፣ አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ፍራሽ ለሚተኙ ሰዎች ነው የሰጠነው አለች። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ! እኛስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በከርሞም ቢሆን ያው ሴትዮ ያየችው ቤት ነው፤ ምን ብለን እንገለብጠዋለን? ውሸታሞች ናቸው ብትል ምን እንመልሳለን?

ጋሽ መላም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው እንቅልፍ አጡ። ሱቃቸው ውስጥ የመዋጮ ቆርቆሮ አስቀመጡ፣ ፀጉሩን የተቆረጠ ሁሉ ጨመረ፣ ልብስ ሰፊዋም ሹፌሩም ጨመሩ፣ እኔም ያለችኝን ጨመርኩ። የክፍያውን ጫፍ እንኳ ሳይነካ የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። ወንድማችን ቆርቆሮውን ተቀብሎ የእያንዳንዱን ሰው ገንዘብ በየቤቱ እያንኳኳ፣ እያነከሰ፣ እያመሰገነ መለሰ። ቢያንስ ለጉልበትህ መድኃኒት ግዛበት ብለው ቢለምኑትም ምን እንዳላቸው መገመት አያቅትሽም።

አሁን ሐኪሜ እኔ ጋ ትሠራለች። እኔ ነኝ አለቃችንን ለምኜ ያስገባኋት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሆስፒታል ገባች ብዬ ብጽፍልሽም ውሸት አይሆንብኝም ነበር። የምትገባው በኋላው በር፣ ቆሻሻ ልብስ በሚወርድበት በኩል ነው እንጂ። ሥራዋ ኪስ መፈተሽ ነው። የሐኪሞቹና የነርሶቹ ጋውን ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ እስክሪብቶ፣ መቀስ፣ ከረሜላ፣ የማይገኝ ነገር የለም። የተገኘው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ደረት ላይ የሚንጠለጠል የነርስ ሰዓት አገኘች። ሣጥኑ ውስጥ ከመክተቷ በፊት የግራ እጇን አንጓ በጣቶቿ ይዛ፣ ሰዓቱን እያየች የራሷን ትርታ ስትቆጥር አየኋት። እንዳላየ ሆኜ ፊቴን ወደ እንፋሎቱ አዞርኩ። እዚያ ቤት የሁሉም ሰው ፊት እርጥብ ስለሆነ ማልቀስ አያስነቅፍም።

ምሳ ስንበላ አንድ ቀን ጠየቅኳት። አባትሽ ምንም አልጎደለንም ሲል ለምን አዛብተሽ አልነገርሽልንም፣ ቋንቋውን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ጉልበቱ ሞቷል፣ በልተን አናድርም ብትያት ማን ያውቅብሽ ነበር አልኳት። ዳቦዋን ቆረሰችና፣ አባቴ አፌን እያየኝ ነበር አለችኝ። ደክሞሽ እንደሆነ ትንሽ ዐረፍ በይ ስላት ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ አልደከመኝም፣ ደህና ነኝ። የእኛው ልጅ ናት፣ የማንም አይደለችም።

ደብዳቤሽን ያነበብን ማታ ወንድማችን እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘኝ። እዚያ ጨለማው ውስጥ ቆሞ፣ ከምትሠሪበት ቤት አንድ ጋውን ለአንድ ሌሊት ልታመጪልኝ ትችያለሽ ወይ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ገባኝ። ቢያዝብኝ እንጀራዬ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ታናሼ ነው፣ ከሰው ምንም ነገር ለምኖ የማያውቀው ታናሼ ነው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ? በማግስቱ አንዱን ተኩሼ ከካፖርቴ ሥር ለብሼ ወጣሁ። ልጅቷ ከእጄ ተቀበለችው። ለበሰችው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ በአንገቱ ላይ የተሰፋውን የሆስፒታሉን ምልክት ወደ ውስጥ አጠፈችው። ልብስ ሰፊዋ፣ ቤታችሁ ይመርበት ብላ በተወችላቸው መጋረጃ ፊት አቆሟት። አባቷ በስልኩ ሲያነሣት ሦስቴ ደጋገመው። ማለዳ ጋውኑን መልሼ ከሌሎቹ ጋር ወደ ማሽኑ ከተትኩት።

ፎቶውን አሳትሞ፣ እትዬ እንድትሰቅለው ላኪላት ብሎ ሰጠኝ። ይኸው ከደብዳቤው ጋር አለልሽ። ይህን ሁሉ እንደምጽፍልሽ ግን አያውቅም፤ ከፎቶው ጋር የተለመደው ሰላምታ ብቻ የሚመጣልሽ ይመስለዋል። ስትደውዪለት አታንሺበት፣ ሆድ ይፍጀው። ለእኔ ግን አንድ ሰው እውነቱን ካላወቀልን የምንሞት መሰለኝ፤ ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ። እንድትልኪልን ብዬ አይደለም፤ ያለሽን አውቀዋለሁ። ከእንግዲህ የሚመጣ መልካም ነገር ይታየኛል ብዬም አላጽናናሽም። ወፌም ነገ ትደርሳለች፣ የእሷም ትምህርት ቤት ይመጣል፣ እንግዳም ይመጣል። እኛስ ምን እንላለን?

ፎቶውን ጠጋ ብለሽ እዪው። አምሮባታል፣ አይደል? እጇን ጋውኑ ኪስ ውስጥ የከተተችው ግን ለማማር አይደለም። ኪስ መፈተሽ ልማድ ሆኖባት ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሳሉን ንቆ እንዳይተወው። ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ፤ ትንሹን ሁለቴ፣ አላውቀውምና ዕዳ አለብኝ። ለአክስታችን እጅ ንሺልኝ፤ እሷ ይህን አትስማ፣ ልቧ አይችለውም። ምራትሽ ጉልበትሽን ስማለሁ ትላለች። ወፌ ከንፈሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ሳመችሽ፤ ከታች ያለው የዘይት ምልክት የእሷ ነው። ወንድማችን ስለ እኔ አታስቢ ብሎሻል። ሐኪሜም ደህና ነኝ ብላሻለች።

ለዚያች ለነገረኛዋ ጎረቤትሽም ሰላም በይልኝ። ፎቶውን ግድግዳሽ ላይ ማየቷ አይቀርም፤ አይታም ትምህርቱ እንዴት ሆነላት፣ የጎደላት ነገር የለም ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። ምን ብለሽ እንደምትመልሺላት እኔ አልነግርሽም። ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ፣ ከክፍሌ
ጥቅምት ፳፩ ቀን